«ደም ማቅጠኛ» ደም አያቀጥንም፤ ለታመመ እግር ታዲያ ምን ይሠራል?

«አስፒሪን ተከለከለ» የሚል ወሬ በየጊዜው መልኩን እየለዋወጠ ይመጣል። መነሻው ግን እውነት ነው። በ2022 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና ግብረ ኃይል አንድ ምክር አወጣ። 60 ዓመት የሞላቸው፣ የልብም ሆነ የደም ቧንቧ በሽታ የሌለባቸው ሰዎች «ለመከላከያ» ብለው አስፒሪን እንዳይጀምሩ መከረ። ጤነኛ ሰው ላይ መድኃኒቱ የሚያመጣው መድማት ጥቅሙን ያጣፋዋል፤ ሐሳቡ ይኸው ነው።

ምክሩ በቴሌግራም እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ሁለት ነገር መንገድ ላይ ጠፋ። «በሽታ የሌለባቸው» የሚለው ቀረ። «እንዳይጀምሩ» የሚለውም ቀረ። የተረፈው «አስፒሪን ጎጂ ነው» ብቻ ሆነ።

ይህ መቆራረጥ በጣም የሚጎዳው የእግሩ ደም ቧንቧ የጠበበበትን ሰው ነው። እሱ ቀድሞም ታሟል። ስለ ጤነኞች የተሰጠ ምክር እሱን አይመለከተውም። የእሱ ጥያቄ ሌላ ነው፦ የትኛው መድኃኒት፣ በምን ያህል መጠን፣ ከምን ጋር?

ባት ጨምድዶ ሲይዝ

የልብና የአንጎል ቧንቧ የሚያጠበው ነገር የእግሩንም ያጠበዋል። ሐኪሞች በምሕጻር «ፒኤዲ» ይሉታል። የዳርቻ ደም ቅዳ ቧንቧ በሽታ ማለት ነው። ደም ቅዳ ከልብ ደም ይዞ የሚወጣው ቧንቧ ነው፤ ደም መልስ ደግሞ ወደ ልብ የሚመልሰው። ይህችን ልዩነት ያዟት፣ ኋላ ትፈለጋለች።

ቅባትና ካልሲየም በደም ቅዳው ግድግዳ ውስጥ ለዓመታት ይጠራቀማል። ሲጋራና ስኳር በሽታ ዋነኞቹ ገፊዎች ናቸው። ደም ግፊት፣ ኮሌስትሮል፣ የኩላሊት በሽታና ዕድሜም ይጨምሩበታል። በ2013 ዘ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በወጣ ግምት፣ በ2010 በዓለም ላይ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰው ይህ በሽታ ነበረበት። ከአሥሩ ሰባት ያህሉ የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የሀብታም አገር በሽታ አይደለም።

የታወቀው ምልክቱ እንዲህ ነው። ሰውየው ሲራመድ ባቱን ጨምድዶ ይይዘዋል። ቆም ሲል በጥቂት ደቂቃ ይለቀዋል። ሲቀጥል ደግሞ ያው ቦታ ላይ ይመለሳል። ዳገት ላይ ይብሳል። ቤተሰቡ «ብርድ ነው»፣ «ሪህ ነው»፣ «ዕድሜ ነው» ይለዋል። ብዙው ታማሚ ግን ይህን ያህል ግልጽ ምልክት እንኳ የለውም። ስኳር ያለበት ሰው ነርቩ ስለሚደነዝዝ ሕመሙ ላይሰማው ይችላል። መጀመሪያ የሚያየው ጣቱ ላይ አልድን ያለ ቁስል ይሆናል።

ምርመራው ደግሞ ቀላል ነው፤ ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የማይሠራ መሆኑ ያስቆጫል። ታማሚው በጀርባው ይተኛል። የክንዱ ደም ግፊት ይለካል። ቀጥሎ ያው መጠቅለያ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ይታሰራል። እስኪብርቶ የምታክል የዶፕለር መሣሪያ የእግሩ የደም ትርታ ላይ ትደረግና «ሽው፣ ሽው» የሚለው ድምፅ ይሰማል። መጠቅለያው ሲነፋ ድምፁ ይጠፋል። ሲተነፍስ በስንት ቁጥር ላይ እንደተመለሰ ይጻፋል። የእግሩ ቁጥር ለክንዱ ይካፈላል። ክንዱ 140፣ እግሩ 84 ከሆነ 0.6 ይመጣል። 0.90 እና ከዚያ በታች የሆነ ውጤት በሽታው መኖሩን ያሳያል። ስኳርና ኩላሊት የቆየበት ሰው ቧንቧው ስለሚደድር ቁጥሩ ከ1.40 በላይ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ሲሆን «ደህና ነህ» ማለት ስሕተት ነው፤ የእግር ጣት ግፊት ይለካል።

እግሩ የሚናገረው ስለ እግር ብቻ አይደለም። እዚያ የጠበበ ቧንቧ ልብና አንጎል ላይም የመጥበቡ ዕድል ትልቅ ነው። መድኃኒቱ ሲታዘዝም ሐኪሙ በአንድ ጊዜ የሚያስበው ስለ ልብ ጥቃት፣ ስለ ስትሮክና ስለ እግር መቆረጥ ነው።

ስሙ አሳሳተን

«ደም ማቅጠኛ» ሲባል ብዙ ሰው ወጥ ላይ ውኃ እንደመጨመር ይመስለዋል። ደሙ ግን አይቀጥንም። ከመድኃኒቱ በፊትም በኋላም ያው ነው። የሚለወጠው የመርጋት ፍጥነቱና አቅሙ ነው። «ደሜ ቀጭን ነው፣ ደም ማነስ አለብኝ፣ ስለዚህ አይሆነኝም» የሚለው አነጋገርም ከዚሁ ከስሙ የመጣ ነው። ደም ማነስ ሌላ ነገር ነው። ሐኪም ስለ ደም ማነስ የሚጠይቀው የተደበቀ መድማት እንዳይኖር ሰግቶ ነው።

ሌላው የስሙ ጥፋት ሁለት የተለያዩ ቤተሰቦችን በአንድ ጆንያ መክተቱ ነው።

አንደኛው ፕሌትሌት የሚባሉትን የደም አርጊ ሕዋሳት እንዳይጣበቁ የሚያደርግ ነው። አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል እዚህ ናቸው። የጠበበው ቧንቧ ውስጥ ያለው ክምችት ሽፋኑ ሲሰነጠቅ ፕሌትሌቶች ቁስል ያዩ ይመስላቸዋል። ተሯሩጠው ይለጥፉታል፣ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ቧንቧው ይዘጋል። አስፒሪን ፕሌትሌቱ ውስጥ ያለች አንዲት ኢንዛይም ዳግም እንዳትሠራ አድርጎ ያሰናክላል። ፕሌትሌት የሚኖረው ከ7 እስከ 10 ቀን ነው፤ አዲስ ኢንዛይምም መሥራት አይችልም። በቀን አንዲት ትንሽ ክኒን የምትበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ቤተሰብ የሚሠራው ደም ውስጥ ባሉት የአርጊ ፕሮቲኖች ላይ ነው። እነዚህ ፕሮቲኖች ፋይብሪን የሚባል መረብ ይሸምናሉ። ዋርፋሪን ቫይታሚን ኬን በመቃወም ያዳክማቸዋል። ሪቫሮክሳባን ደግሞ «ፋክተር ቴን ኤ» የተባለውን አንዱን ብቻ ይይዛል።

አሁን ወደ ደም ቅዳና ደም መልስ እንመለስ። ደም መልስ ውስጥ ደም ዝግ ብሎ ይሄዳል፤ እዚያ የሚረጋው ደም በአብዛኛው የፋይብሪን መረብ ነው። ደም ቅዳ ውስጥ ግን ደም በኃይል ይወነጨፋል፤ እዚያ ፕሌትሌት ይበዛል። ስለዚህ ጎረቤት «እግሬ ላይ ደም ረግቶ» ብላ የወሰደችው መድኃኒት፣ እግሩ ስለጠበበበት ሰው ምንም አይናገርም። ሁለቱም «እግር» ነው፣ ሁለቱም «ደም ማቅጠኛ» ነው፤ በሽታው ግን አይገናኝም።

አስፒሪን ወይስ ክሎፒዶግሬል?

ምልክት ላለበት ታማሚ ከሁለቱ አንዱን መውሰድ የቆየ ስምምነት ነው። ክርክሩ የትኛው የሚለው ላይ ነው። በ1996 የወጣው ኬፕሪ የተባለ ጥናት 19,185 ሰዎችን ይዞ ሁለቱን አወዳደረ። በጥቅሉ ክሎፒዶግሬል የበለጠው በጥቂቱ ነው። የእግር ቧንቧ በሽታ የነበረባቸው 6,452 ሰዎች ላይ ግን ልዩነቱ ሰፋ። አስፒሪን ከወሰዱት በዓመት ከ1,000 ሰው 49 ያህሉ የልብ ጥቃት፣ ስትሮክ ወይም ከደም ቧንቧ የተያያዘ ሞት ገጠማቸው። በክሎፒዶግሬል 37 ያህሉ።

ይህ የአንድ ጥናት ንዑስ ክፍል ነው፤ እንዲህ ያለ ውጤት በጥንቃቄ ይነበባል። ቢሆንም ብዙ ሐኪም ወደ ክሎፒዶግሬል ያዘነበለው በዚህ ነው። አስፒሪን ደግሞ ርካሽ ነው፣ የትም ፋርማሲ ይገኛል። ሳያቋርጡ የሚወስዱት አስፒሪን፣ በየወሩ ከሚቋረጥ ክሎፒዶግሬል ይሻላል የሚለው ሚዛን ላይ መውጣት አለበት። ከሁለቱ የበረታ ይሆናል የተባለው ቲካግሬሎርም ተሞክሯል። በ2016 ይፋ በሆነው ዩክሊድ ጥናት፣ 13,885 ሰዎች ላይ፣ ከክሎፒዶግሬል አልበለጠም። የበረታ ሁሉ የተሻለ አይደለም ማለት ነው።

ምልክት የሌለበት፣ ቁጥሩ ብቻ ዝቅ ያለ ሰውስ? ይህ እስካሁን ያልተዘጋ ጉዳይ ነው። በስኮትላንድ የተሠሩ ሁለት ጥናቶች (2008 እና 2010) በእንዲህ ያሉ ሰዎች ላይ የአስፒሪን ጥቅም አላገኙም። ሁለቱም ግን የእግራቸው ቁጥር በጥቂቱ ብቻ የወረደ ሰዎችን ጭምር ስላካተቱ፣ አንዳንድ ባለሙያዎች ውጤቱ አይበቃንም ይላሉ። ለእነዚህ ሰዎች ውሳኔው የሐኪሙና የታማሚው ነው፤ የቴሌግራም አይደለም።

ዋርፋሪን ተሞክሮ ወድቋል

ፕሌትሌት ላይ ከሠራን ፋይብሪኑንም እንምታው የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ2007 ዌቭ የተባለ ጥናት 2,161 ሰዎች ላይ ዋርፋሪንን ከነባሩ መድኃኒት ጋር ደረበ። የልብ ጥቃት፣ የስትሮክና ከደም ቧንቧ የተያያዘ ሞት ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ 12.2 በመቶ ከ13.3 በመቶ ጋር። ለሕይወት የሚያሰጋ መድማት ግን ከ1.2 ወደ 4.0 በመቶ ዘለለ።

ስለዚህ ዋርፋሪን ለጠበበ የእግር ቧንቧ ብቻ ተብሎ አይደረብም። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ወይም የተዛባ የልብ ምት ካለ ጉዳዩ ሌላ ነው። እኛ አገር ዋርፋሪን በደንብ የሚታወቀውም በልብ ቫልቭ በሽታ በኩል ነው። «ጎመን አታብዛ» የሚለው ምክርም ከዚያው የመጣ ነው፤ ጎመን ቫይታሚን ኬ ሞልቶበታል። በጾም ወራት ማዕዱ ድንገት ጎመን በጎመን ሲሆን የዋርፋሪን ልክ ይናጋል። አስፒሪን፣ ክሎፒዶግሬል ወይም ሪቫሮክሳባን የሚወስድ ሰው ግን ከጎመን ጋር ጠብ የለውም። እንዲያውም ይብላ፤ ለቧንቧው ጥሩ ነው።

ትንሿ ሪቫሮክሳባን

ከዚህ በኋላ የመጣው ሐሳብ መጠኑን በጣም መቀነስ ነበር። ሪቫሮክሳባን (በንግድ ስሙ ዛሬልቶ) ደም መልስ ላይ ለረጋ ደም ሲሰጥ የተለመደው መጠን በቀን 20 ሚሊግራም ነው። ተመራማሪዎቹ 2.5 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ሰጡና ከ100 ሚሊግራም አስፒሪን ጋር አጣመሩት። በአንድ ወገን ፕሌትሌቱን፣ በሌላ ወገን መረቡን በጥቂቱ መንካት ነው።

በ2017 የወጣው ኮምፓስ ጥናት 27,395 ሰዎች ነበሩበት። ከእነሱ 7,470ው የዳርቻ ወይም የአንገት ደም ቅዳ በሽታ ያለባቸው ነበሩ። ጥምሩን የወሰዱትና አስፒሪን ብቻ የወሰዱት እያንዳንዳቸው 2,500 ያህል ናቸው። ሁለት ዓመት ባልሞላ ክትትል የልብ ጥቃት፣ ስትሮክ ወይም ከደም ቧንቧ የተያያዘ ሞት የገጠማቸው በጥምሩ 126፣ በአስፒሪን ብቻ 174 ነበሩ። እግራቸው ለከባድ አደጋ የተጋለጠ ወይም የተቆረጠ 32 ከ60 ጋር። ከባድ መድማት ደግሞ 77 ከ48 ጋር።

ቁጥሮቹን ቀስ ብሎ ማየት ይጠቅማል። አንድ ሺህ ሰው ቢታከም ወደ 19 ሰው ከልብ ጥቃት፣ ከስትሮክ ወይም ከእንዲህ ያለ ሞት ይተርፋል፤ 11 ያህል ሰው ከከባድ የእግር ጉዳት ይድናል። በዚያው ልክ 12 ያህል ሰው ተጨማሪ ከባድ መድማት ይገጥመዋል። መድማቶቹ በብዛት የጨጓራና አንጀት ናቸው፤ የሚገድልና አንጎል ውስጥ የሚፈስ መድማት በግልጽ አልጨመረም። የተቆረጠ እግር አይመለስም፣ የደማ ጨጓራ በአብዛኛው ይታከማል። የጥምሩ ደጋፊዎች ክርክር ይህ ነው፤ እኔም ክብደት ያለው ይመስለኛል።

ቀጥሎ በ2020 ቮየጀር የተባለው ጥናት እግራቸው ላይ ቧንቧ የተከፈተላቸውን፣ ማለትም ባይፓስ ወይም ስቴንት የተሠራላቸውን 6,564 ሰዎች አየ። ጥምሩን ከወሰዱት በሦስት ዓመት ውስጥ የእግር፣ የልብ ወይም የአንጎል ችግር የገጠማቸው 17.3 በመቶ ነበሩ፤ አስፒሪን ብቻ በወሰዱት 19.9 በመቶ። የእግር ድንገተኛ መዘጋት ላይ ነው ትልቁ ለውጥ የታየው።

ተቃራኒው ሐሳብም ቀላል አይደለም። ለመድማት በጣም የተጋለጡ ሰዎች መጀመሪያውኑ ወደ ጥናቶቹ አልገቡም። ኮምፓስ ደግሞ ጥቅሙ ስለታየ ከታሰበው ጊዜ በፊት ቆሟል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ጥቅሙ ከእውነተኛው ገዝፎ ሊታይ ይችላል። ጥምሩ የተወዳደረውም ከአስፒሪን ጋር እንጂ ከክሎፒዶግሬል ጋር አልነበረም። መመሪያዎቹም እዚህ ላይ ይለያያሉ። የ2024ቱ የአሜሪካ መመሪያ፣ ምልክት ላለበትና ለመድማት ላልተጋለጠ ታማሚ ጥምሩን በጠንካራ ምክር አስቀምጧል። በዚያው ዓመት የወጣው የአውሮፓ መመሪያ አደጋቸው ከፍ ላለ ታማሚዎች «ሊታሰብበት ይገባል» ይላል። በሁለቱ መካከል ብዙ የሐኪም ፍርድ ይገባል።

ዋጋውም ክርክር ውስጥ ነው። የ2.5 ሚሊግራሙ ጄኔሪክ፣ ማለትም ሌላ አምራች የሚሠራው ቅጂ፣ በአሜሪካ የተፈቀደው በ2025 ነው። ዋጋው እስኪወርድና አዲስ አበባም ሐዋሳም እንደልብ እስኪገኝ ግን በእኛ አገር የብዙው ታማሚ እውነተኛ ምርጫ አስፒሪን ወይም ክሎፒዶግሬል ሆኖ ይቆያል።

የሚደማው ማን ነው?

ከዚህ በፊት ጨጓራው የደማ፣ አንጎሉ ውስጥ ደም የፈሰሰበት፣ ኩላሊቱ ወይም ጉበቱ በጣም የደከመ፣ ዕድሜው የገፋና ክብደቱ የቀነሰ ሰው ሐኪሙ ሁለቴ ያስብለታል። ጨጓራ ላይ ለብቻው አንድ ቃል ማለት ይገባል። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ እኛ አገር ሰፊ ነው፤ ቃጠሎ ያለበት ሰው መድኃኒቱን ከመጀመሩ በፊት ቢመረመርና ቢታከም ብዙ መድማት ይቀራል።

ሁለተኛው አደጋ ፋርማሲ መስኮት ላይ ነው። ጉልበቱን ያመመው ሰው ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ይጠይቃል፤ ያለ ማዘዣ ይሰጠዋል። ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲደረብ መድማቱን ያባብሰዋል። ኢቡፕሮፌን ከዚህም አልፎ ከአስፒሪኑ ቀድሞ ከተወሰደ የአስፒሪኑን ቦታ ይይዝበታል። ለተራ ሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል። ክሎፒዶግሬል የሚወስድ ሰው ለጨጓራው ኦሜፕራዞል ሲታዘዝለት ይናገር፤ የክሎፒዶግሬሉን ኃይል ይቀንስበታል፣ ሌላ ምርጫ አለ። ሪቫሮክሳባንን ደግሞ የቲቢው ሪፋምፒሲን ያዳክመዋል፤ በአንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶች ውስጥ የሚገባው ሪቶናቪር ደግሞ ከልኩ በላይ ከፍ ያደርገዋል።

ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሽንት ከቀላ፣ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም። ድድ በጥርስ ብሩሽ ትንሽ መድማቱ ግን መድኃኒት ለማቆም ምክንያት አይሆንም። ጥርስ ለማስነቀልም ቢሆን በራስ ውሳኔ አይቆምም፤ ለጥርስ ሐኪሙ ይነገረዋል፣ እሱ ከሌላው ሐኪም ጋር ይነጋገራል።

በሻንጣ የመጣ ጠርሙስ

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ «ቤቢ አስፒሪን» አይጠፋም። ያ 81 ሚሊግራም ነው፣ ለዚህ በሽታ ይበቃል። አጠገቡ የሚሸጠው ግን 325 ሚሊግራም ነው፤ የራስ ምታት መጠን። ጠርሙሶቹ ይመሳሰላሉ። የከፋው «ለእኔ ታዞልኝ የተረፈ» ተብሎ የሚላከው ሪቫሮክሳባን ነው። ከስምንት የእግር ታማሚ ክኒን እኩል የሆነ 20 ሚሊግራም በአንዲት ፍሬ ውስጥ አለ። ስሙ አንድ ስለሆነ «ያው ነው» ይባላል። ያው አይደለም። ላኪው ቁጥሩን አይቶ፣ ተቀባዩ ለሐኪሙ አሳይቶ ቢሆን ይመረጣል።

ክኒኑ የማይሠራው

ደም ማቅጠኛ የጠበበውን ቧንቧ አያሰፋም። ባት የሚይዘውንም ሕመም አያስታግስም። ታማሚዎች «ወሰድኩት፣ ምንም አልተሻለኝም» ብለው የሚያቆሙት ይህ ስላልተነገራቸው ነው። ሥራው የማይታይ ነው፤ ያልመጣ ስትሮክ አይቆጠርም።

የመራመጃውን ርቀት የሚያረዝመው ራሱ መራመድ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ። ባት እስኪይዝ መሄድ፣ ማረፍ፣ ደግሞ መሄድ። በ12 ሳምንት ውስጥ ለውጥ ይታያል። ሲሎስታዞል የሚባል መድኃኒትም ይረዳል፤ የልብ ድካም ላለበት ግን ክልክል ነው። ስታቲን የሚባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት፣ የስኳርና የደም ግፊት ቁጥጥር ከደም ማቅጠኛው እኩል ያስፈልጋሉ። ሲጋራ ሳይተው ሁለት ዓይነት ደም ማቅጠኛ የሚውጥ ሰው በአንድ እጁ እየደፈነ በሌላው እየቀደደ ነው።

የቀዘቀዘ እግር በሙቅ ውኃ መንከርና ማሳሸትም መቅረት አለበት። የደነዘዘ እግር ሙቀቱን ስለማያውቀው ይቃጠላል፣ ደም የማይደርሰው ቁስል ደግሞ አይድንም። በተለይ እግር በድንገት ከገረጣ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘና አላንቀሳቅስ ካለ ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ወጌሻም፣ ቅባትም፣ እስኪነጋ መጠበቅም የለም። እግሩን ለማትረፍ ያለው ጊዜ የሚለካው በሰዓት ነው፤ መኪና ተፈልጎ የቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል በዚያው ሌሊት ይኬዳል። የሚወሰዱት ክኒኖችም ከነማሸጊያቸው አብረው ይያዙ፤ ድንገተኛ ክፍል ያለው ሐኪም መጀመሪያ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው።